የቻሙንዲን ኮረብታ በእግር ውጡት

መጀመሪያ የወጣሁ ቀን ሦስት ሰዓት ተሰልፌ ሦስት ሰከንድ አየሁ።

ማይሶር ከገባሁ ገና ሁለት ሳምንቴ ነበር። ማይሶር ደቡብ ሕንድ፣ ካርናታካ ውስጥ ናት፤ ከባንጋሎር 145 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ለማስተርስ ነበር የሄድኩት። የሆስቴል ልጆች «ነገ አርብ ነው፤ ቻሙንዲ ኮረብታ እንውጣ» አሉኝ። አዲስ ሰው ነኝ፤ ና ካሉኝ እሄዳለሁ። አርቡ ተራ አርብ እንዳልሆነ ግን ማንም አልነገረኝም። አሻዳ የሚባለው ወራቸው ነበር። በእኛ አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። በዚህ ወር ሠርግ አይደገስም፤ አዲስ ነገር አይጀመርም። አርብ አርብ ግን ሕዝቡ ኮረብታው ጫፍ ላይ ወዳለው ቤተ መቅደስ ይተማል። አርብ የሴት አምላካቸው የቻሙንዲ (ቻሙንዴሽዋሪም ይሏታል) ቀን ነው፤ የልደቷ በዓልም የሚከበረው በዚሁ ወር ነው።

ታክሲ የጠፋበት ቀን የመገናኛን ሰልፍ አስቡት። ያንን በሃያ አባዙት። በአውቶቡስ ወጣን፤ ጫማችንን አስቀመጥን፤ በብረት አጥር መሀል እየተጠማዘዝን ቆምን። ከፊቴ የነበረችው ሴትዮ ፀጉሯ ላይ የሰካችው የጃስሚን ጉንጉን አፍንጫዬን ሲነካኝ ዋለ። በመጨረሻ ደረስኩ ስል አንዱ አስተናባሪ «ሙንዴ ሆጊ፣ ሙንዴ ሆጊ!» እያለ በትከሻዬ ገፋ አደረገኝ። «ወደፊት ሂዱ» ማለት ነው። አበባ አየሁ፤ ወርቅ አየሁ፤ ዐይን የመሰለ ነገር አየሁ። አለቀ። ቀጥሎ ራሴን ያገኘሁት ውጭ፣ ኮኮናት የሚሸጥበት ጋ ነው።

ይህን የምጽፈው ወደዚያ ለሚሄዱ ወገኖቼ ነው። ለትምህርት የሚሄድ አለ። ታማሚ ይዞ ባንጋሎር ሆስፒታል የሚሄድ ደግሞ ብዙ ነው። ታማሚው ሲሻለው አስታማሚው «የት እንሂድ?» ማለቱ አይቀርም። መልሱ ሁሌም ማይሶር ነው። ሾፌሩ ቤተ መንግሥቱን ያሳያችኋል፤ በመኪና ኮረብታው ላይ ያወጣችኋል፤ ፎቶ ትነሳላችሁ፤ ትወርዳላችሁ። ተራራ አየን ትላላችሁ፤ ምንም አላያችሁም። ጉልበታችሁ ደህና ከሆነ በእግር ውጡት።

ደረጃ አለው። 1008 ነው ይባላል። ስቆጥር 340 አካባቢ ዝንጀሮ ሐሳቤን ስለበተነው ማረጋገጫ አልሰጥም። ደረጃውን ያሠራው ዶዳ ዴቫራጃ ዎዴያር የሚባል የማይሶር ንጉሥ ነው፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በእነሱ ድርሳን እ.ኤ.አ. በ1659። የኮረብታው ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትር ትንሽ ያልፋል። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ይሄ ቆላ ነው። ስለዚህ ትንፋሽ አያጥራችሁም፤ የሚያደክማችሁ ሙቀቱ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ከሥር ተነሱ። ቀስ ብላችሁም በአንድ ሰዓት ተኩል ትደርሳላችሁ።

እኔ በእግር የወጣሁት ኅዳር ላይ ነው፤ ከአንድ የአገሩ ተወላጅ ጓደኛዬ ጋር። ያለ እሱ ግማሹ ባልገባኝ ነበር። የሚናገሩት ካንናዳ ነው። በነገራችን ላይ ለእናቴ በስልክ «እዚህ ካንናዳ ነው የሚናገሩት» ብያት፣ ልጄ ካናዳ ገባ ብላ ሰፈሩን አዳርሳለች። እስካሁን አላስተባበለችም።

ከሥር ገና ሃያ ደረጃ እንደወጣን አንዲት እናት አየን። ሰባ ዓመት ይሆናቸዋል። አረንጓዴ ሳሪ ለብሰዋል፤ እግራቸው ባዶ ነው። በግራ እጃቸው ሁለት ትንንሽ ፌስታል ይዘዋል፤ በአንዱ እርድ፣ በሌላው ኩንኩማ የሚባለው ቀይ ዱቄት። ጎንበስ ይላሉ። የቀኝ እጃቸውን ጣት ቢጫው ውስጥ ነክረው ደረጃው ላይ ያሳርፋሉ። ከዚያ ቀዩን ነክረው ከጎኑ ያሳርፋሉ። ቀና ብለው አንድ ደረጃ ይወጣሉ። እንደገና ጎንበስ። አንድም ደረጃ አያልፉም። ከእሳቸው በፊት የወጡ ሰዎች ምልክት ስላለ ድንጋዩ ዳር ዳሩን በቢጫና በቀይ ተለቅልቋል። ትናንት የተቀባው ደርቋል፤ የእሳቸው ገና ያበራል።

ጓደኛዬ «አጂ» ብሎ ሰላም አላቸው፤ አያቴ እንደማለት ነው። ምን እንደሚያደርጉ ጠየቀልኝ። ስለት ነው። የልጃቸው ሚስት ለዓመታት ሳትወልድ ቆይታ አሁን ወልዳለች። «ልጅ ከሰጠሽኝ ደረጃሽን ሁሉ ቀብቼ እመጣለሁ» ብለው ነበር። መጡ።

እኔም በኛ አገር ስለት እንዳለ፣ እናቴ ግሸን ማርያም በእግሯ ሄዳ እንደተሳለመች በጓደኛዬ በኩል ነገርኳቸው። ቀና ብለው ወገባቸውን ያዙ።

«እናትህ ስንት ደረጃ ወጡ?» አሉኝ።

ደረጃ የለውም፤ ገደል ነው አልኳቸው። ራሳቸውን ወዘወዙ። የደቡብ ሕንድ አነቀናነቅ ታውቃላችሁ፤ እሺም ነው፣ ይገርማልም ነው። ከዚያ ወደ ቅብታቸው ተመለሱ። እኛ ቀድመናቸው ሄድን፤ እግራችን እሳቸው ገና ያልደረሱበትን ድንጋይ እየረገጠ። አንድ ነገር ልምከር፦ ሲቀቡ ካገኛችሁ ትኩሱን ቀለም አትርገጡ። በዳር በኩል እለፉ። ማንም አይቆጣችሁም፤ ግን ያዩታል።

ከ700ኛው ደረጃ አካባቢ ናንዲ አለ። ናንዲ ሺቫ የሚባለው አምላካቸው የሚቀመጥበት ኮርማ ነው። እዚህ ያለው ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለ ነው፤ ቁመቱ 5 ሜትር ገደማ፣ ርዝመቱ ከ7 ሜትር በላይ። ላሊበላን ያየ ሰው በቀላሉ አይደነቅም ብዬ ነበር። ተደነቅኩ። አንገቱ ላይ የተቀረጹት ቃጭሎች ገመዳቸው ሳይቀር ይታያል። በዘይት ብዛት ጠቁሮ ያብረቀርቃል። የተኛ በሬ ነው፤ ያመነዥካል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። እዚያ ጋ የሸንኮራ ጭማቂና እሸት ኮኮናት ይሸጣሉ። ጠጡ፤ የቀረው ደረጃ ብዙ አይደለም።

ጫፍ ላይ ስትደርሱ የሚቀበላችሁ አምላኳ አይደለችም፤ ጠላቷ ነው። አደባባዩ ላይ አንድ ትልቅ ሐውልት ቆሟል። ባለ ሪዝ፣ ዐይኑ የፈጠጠ፣ በአንድ እጁ ጎራዴ፣ በሌላው እባብ የያዘ። ማሂሻሱራ ይባላል። ሕዝቡ ሁሉ ከሱ ጋር ሰልፊ ይነሳል። እኔም ተነስቻለሁ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ማሂሻሱራ ግማሽ ሰው፣ ግማሽ ጎሽ የሆነ ኃያል ነበር። ብዙ ዘመን ሱባዔ ገብቶ ብራህማ የሚባለውን አምላክ ለመነው፤ ወንድ የሆነ ሁሉ እንዳይገድለኝ አለ። ተሰጠው። ሴትን ከቁም ነገር ስላልቆጠራት አልጠቀሳትም። ከዚያ አማልክቱን ከሰማይ አባረረ። እነሱም ሲቆጡ ከቁጣቸው ብርሃን ወጣ፤ ብርሃኑ ተሰብስቦ ሴት ሆነ። ሺቫ ባለ ሦስት ጣት ጦሩን ሰጣት፤ ቪሽኑ የሚወረወር ክቡን፤ የሂማሊያ ተራራ አንበሳ ሰጣት። ዘጠኝ ሌሊት ተዋጉ። እሱ መልኩን ይለዋውጣል፤ ጎሽ፣ አንበሳ፣ ሰው፣ ዝሆን፣ እንደገና ጎሽ። በአሥረኛው ቀን ከጎሹ አካል ሲወጣ አንገቱን ቆረጠችው። ቻሙንዳ የሚለው ስም ደግሞ ቻንዳና ሙንዳ የሚባሉ ሁለት ጭራቆችን ከመግደሏ የመጣ ነው። በአንበሳ ላይ ተቀምጣ ጦሯን ስትሰነዝር የሚያሳየውን ሥዕል ሳይ ወዲያው የመጣብኝ ቅዱስ ጊዮርጊስና ደራጎኑ ናቸው። ጓደኛዬን የጊዮርጊስን ሥዕል በስልኬ አሳየሁት። «ልጅቷስ ለምን አልወጋችውም?» አለኝ። ቤሩታዊትን ማለቱ ነው። መልስ አልነበረኝም።

የሚገርመው ማይሶር የሚለው ስም ራሱ «የማሂሻ አገር» ከሚል የመጣ መሆኑ ነው። ተሸናፊው ነው ስሙ የቀረው። ደግሞ በከተማዋ «ማሂሻ ክፉ አልነበረም፤ የአገሩ ሰው ደግ ንጉሥ ነበር፤ ታሪኩን ያጠቆሩት አሸናፊዎቹ ናቸው» የሚሉ አሉ። የከተማዋን ትልቅ በዓል ዳሳራን በስሙ ያከብራሉ፤ በዚህ የተነሳ ጭቅጭቅ ተነስቶ ያውቃል። እንግዳ ከሆናችሁ በዚህ ክርክር ውስጥ አትግቡ። አዳምጡ፤ ሻይ ጠጡ።

ወደ ቤተ መቅደሱ። ቦታው በጣም የቆየ ነው፤ ከጎኑ ያለው ትንሹ የማሃባሌሽዋራ ቤተ መቅደስ ይበልጥ ጥንታዊ ነው፤ ሰው ስለማይበዛበት ረጋ ብላችሁ ታዩታላችሁ። የዋናው መግቢያ ማማ ሰባት ደርብ አለው፤ ወደ 40 ሜትር ይጠጋል። እሱን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያሳደሰው ሦስተኛው ክሪሽናራጃ ዎዴያር ነው። ውስጥ የእሱና የሦስት ሚስቶቹ ሐውልት አለ። ዎዴያሮቹ ቻሙንዴሽዋሪን የቤታቸው ጠባቂ አድርገው ነበር የሚያዩዋት።

ሂንዱ ያልሆነ ሰው መግባት ይችላል። ማንም ሃይማኖቴን አልጠየቀኝም። ጫማ ግን የግድ ይወልቃል። ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ አዲሱ ፀሐዩ ነው። ቀትር ላይ ድንጋዩ ምጣድ ይሆናል። ካልሲ አድርጉ። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ። ውስጥ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። እኔ በነበርኩበት ጊዜ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይዘጋ ነበር፤ ስለዚህ በዚያ ሰዓት አትድረሱ። ነጻ ሰልፍና ገንዘብ የሚከፈልበት ፈጣን ሰልፍ አለ። በተራ ቀን ጠዋት ነጻው ይበቃል። ኅዳር ላይ ሃያ ደቂቃ አልፈጀብኝም፤ ገፊም አልነበረም። ያኔ ነው በደንብ ያየኋት። ከአበባው መሀል የጠቆረ ፊትና ሁለት ትላልቅ የብር ዐይኖች። ዳርሻን የሚሉት ይሄንን ነው። ጓደኛዬ እንዳስረዳኝ አንተ እሷን ማየትህ ብቻ ሳይሆን እሷም አንተን ማየቷ ነው ቁም ነገሩ። ለዚህ ነው ሦስት ሰዓት ለሦስት ሰከንድ የሚሰለፉት። ለእነሱ ኪሳራ አይደለም።

አሁን ሁሉም ሐበሻ ወደሚጠይቀኝ ጥያቄ ልምጣ። ፕራሳዱስ? ፕራሳድ ማለት ለአምላኳ ቀርቦ ለሰው የሚመለስ ምግብ ነው፤ ሙዝ፣ ኮኮናት፣ ጣፋጭ። በእጃችሁ ላይ ያስቀምጡታል። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ሙስሊም ጓደኞቼም ያው ችግር ነበረባቸው፤ ለጣዖት የተሠዋ ነው። ለንስሐ አባቴ ደውዬ ነበር። «አይተህ ውጣ፤ አትብላ» አሉኝና ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ። አለቀ።

እንቢ ማለቱ ግን ጥበብ ይጠይቃል። እጃችሁን አትሰብስቡ፤ ያፍራሉ። በቀኝ እጃችሁ ተቀበሉ፤ ግራውን ከሥር ደግፉ፤ ልክ እንደኛ አገር። አትጣሉት። ለሕፃን ስጡት፤ ወይም ለሆስቴል ልጆች ውሰዱላቸው፤ ከቻሙንዲ መጣ ስትሉ ይሻሙበታል። ለምን አትበላም ካሉ «ጾም ነኝ» በሉ። የነቢያት ጾም ገብቶ ስለነበር እኔ ውሸት አልነበረብኝም። ጾም የምትለዋን ቃል ያከብሯታል፤ እነሱም ይጾማሉ። ግንባር ላይ ቀይ መቀባቱንም እጅ ነስታችሁ አንድ እርምጃ ወደኋላ ስትሉ ይገባቸዋል። ማንም ሲቀየም አላየሁም። አንድ የኛ ልጅ ግን «ይሄማ ጣዖት ነው» ብሎ እዚያው በእንግሊዝኛ ሲሰብክ አይቻለሁ። እንዲህ ካሰባችሁ መጀመሪያውኑ አትውጡ፤ ሰው ቤት ገብቶ ባለቤቱን መስደብ ነውር ነው።

ስለ ዝንጀሮዎቹ አንድ ቃል። ፌስታል ካዩ ምግብ ነው ብለው ያምናሉ። የኔ ፌስታል ውስጥ የነበረው ካልሲና ቻርጀር ነው። ቻርጀሩን አንዱ አጥር ላይ ወጥቶ ቀምሶ ጣለው። የሚዘጋ ቦርሳ ያዙ።

ዳሳራን ካልጠቀስኩ ማይሶሮች ይታዘቡኛል። መስከረምና ጥቅምት ላይ ይውላል፤ ያ የዘጠኝ ሌሊቱ ጦርነትና የአሥረኛው ቀን ድል ነው። የዎዴያር ነገሥታት እ.ኤ.አ. ከ1610 ጀምሮ ሲያከብሩት ኖረዋል። በዓሉ የሚከፈተው ኮረብታው ላይ፣ ቻሙንዲ ፊት ነው፤ ከዚያ ወደ ከተማ ይወርዳል። ቤተ መንግሥቱ ማታ ማታ ወደ 100,000 በሚጠጋ አምፖል ይበራል። በየቤቱ ሴቶች አሻንጉሊት በደረጃ በደረጃ ይደረድራሉ። እኔ ግን ከሁሉ የወደድኩት ዘጠነኛውን ቀን ነው። አዩዳ ፑጃ ይሉታል፤ የመሣሪያ በዓል። ድሮ ጎራዴና ጦር ነበር የሚባረከው። አሁን ሁሉም እንጀራውን የሚጋግርበትን ዕቃ ያመጣል። አውቶቡሱ፣ ባጃጁ፣ የልብስ ስፌት ማሽኑ ሁሉ አበባ ይደረግለታል። የቤት አከራዬ ስኩተሩን አጥቦ ከጎማው ሥር ሎሚ አስቀመጠና ነድቶ ጨፈለቀው። የሆስቴሉ ልጅ ላፕቶፑን ቀባ፤ የኔንም ሊቀባ ሲመጣ ክዳኑ ላይ ትንሽ ነጥብ እንዲያደርግ ፈቀድኩለት። ነጥቡ አሁንም አለ። ጥንቃቄ፦ የዚያን ቀን ዱባ መንገድ ላይ እየከሰከሱ ይበትናሉ። ሞተር ሳይክል ላይ ከሆናችሁ ያንሸራትታል። አንዱ ዓይኔ እያየ ወድቋል።

በአሥረኛው ቀን ጃምቦ ሳቫሪ ነው፤ የዝሆኖች ሰልፍ። ግንባር ቀደሙ ዝሆን 750 ኪሎ የሚመዝን በወርቅ የተለበጠ ዙፋን ይሸከማል። ድሮ የሚቀመጥበት ንጉሡ ነበር፤ ዛሬ የቻሙንዴሽዋሪ ምስል ነው። ክብደቱን እንዲለምድ ቀደም ብለው አሸዋ የሞላ ጆንያ ያሸክሙታል። ሰልፉ ከቤተ መንግሥቱ ተነስቶ ባኒማንታፕ እስከሚባለው ሜዳ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ቦታ ለመያዝ ከረፋዱ ጀምሮ አስፋልት ዳር ተቀመጥኩ። ከበሮው፣ ጭፈራው፣ የወታደሩ ባንድ ጆሮ ያደነቁራል። ዝሆኑ ሲመጣ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። እግሩ ድምፅ የለውም። ግንቡን የሚያህል እንስሳ፣ ያን ሁሉ ወርቅ ተሸክሞ፣ አንድ ክንድ ከኔ ርቆ እንደ ድመት አለፈ።

ለዳሳራ የምትሄዱ ከሆነ ክፍል ቀደም ብላችሁ ያዙ፤ ዋጋው ይሰቀላል። ኮረብታውን ለማየት ብቻ ከሆነ ደግሞ ከዳሳራ በኋላ፣ ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ፣ በሥራ ቀን ጠዋት ውጡ። ማታ ላይ በደረጃው አትውረዱ። ጫካው ውስጥ ነብር ይታያል፤ መብራቱም አያስተማምንም። በአውቶቡስ ውረዱ።

ያን ኅዳር እኛም ልንወርድ አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ቆመን ሳለ አጂ ደረሱ። ረፋድ ሆኗል፤ እኛ አምላኳን አይተን፣ ቡና ጠጥተን፣ ዝንጀሮ ዘርፎን ጨርሰናል። እሳቸው የመጨረሻዋን ደረጃ ገና እየቀቡ ነው። ቢጫው አልቋል፤ ቀዩ ፌስታል ጥግ ላይ ትንሽ ቀርቷል። ጣታቸውን አስገብተው ፌስታሉን አራግፈው ቀቡት። ቀና ሲሉ አዩኝ። ቀለም የነካ እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው በካንናዳ አንድ ነገር አሉ። ጓደኛዬ ሳቀ።

«ምን አሉ?»

«እናትህን ‹ጨረስኩ› በልልኝ አሉ።»